የጋሽ ጌጡ ጀርመንኛ

ጀርመንኛ የጀመርኩት ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ወደ ጀርመን ለሚሄዱ ነርሶች ቋንቋ የማስተምር፣ ግድግዳዬ ላይ ሦስት የምስክር ወረቀት የሰቀልኩ ሴት፣ የመጀመሪያዎቹን ቃላት የሰማሁት መሐል ሜዳ በምትባል ከተማ፣ የገብስ ዱቄት በሚቦንበት፣ ሞተሩ ጆሮ በሚያደነቁርበት ቤት ነው። ሰው "ማን አስጀመረሽ?" ሲለኝ ግን ለብዙ ዓመታት "በራሴ፣ በካሴት" ነበር የምለው። ውሸቴን ነው። አሁን ልንገራችሁ፤ ሲያልቅ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ጋሽ ጌጡ የወፍጮው መካኒክ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቅንድባቸው ላይ ዱቄት የማይጠፋ ሰው። በደርግ ጊዜ የከባድ መኪና ጥገና እንዲማሩ ምሥራቅ ጀርመን ተልከው፣ ካርል ማርክስ ሽታት በምትባል ከተማ ስድስት ዓመት ኖረው፣ በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት ተመለሱ። እሳቸው እንዲህ ይላሉ። መሐል ሜዳ ግን አላመነቻቸውም። ከውጭ አገር የመጣ ሰው መኪና ይዞ ይመጣል፣ ቢጠፋ ቢጠፋ ቴሌቪዥን ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው ያመጡት አንድ ኮትና አንድ የመፍቻ ሣጥን ነው። ወረቀታቸውም በመንግሥት ለውጡ ጊዜ ጠፍቷል። ወፍጮ ቤት ተራ የሚጠብቁት ወንዶች ስማቸውን ትተው "ጀርመኑ" ይሏቸው ነበር።

"ጀርመኑ፣ እዚያም ገብስ ይፈጫል?"

"ምን ይፈጫል፣ ቢራ ያደርጉታል እንጂ።"

"እና ምነው አንድ ጠርሙስ እንኳ ሳታመጣልን ቀረህ!"

ሁሉም ይስቃል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፤ እኔ ሲስቁ እያየሁ ነገሩ የማያማቸው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ነገሩን ለማጣራት ብዬ ትምህርት ቤት የተሰቀለውን ካርታ ሄጄ አየሁ። ጀርመን አለ። ምሥራቅ ጀርመን የሚባል አገር የለም። ካርል ማርክስ ሽታት የሚባል ከተማም የለም። ሁለት ጊዜ በጣቴ ፈለግኩ። አገሮቹ መዋሐዳቸውን፣ ከተማይቱም ወደ ድሮ ስሟ መመለሷን የነገረኝ ሰው አልነበረም። አወቀ የሚባለው የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ስፈልግ አየኝና "ጀርመኑ የነበረበት አገር እኮ ከጀርመኑ በቀር ማንም አያውቀውም!" ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው። እኔም ሳቅኩ።

ቢሆንም ወፍጮ ቤት መሄዱን አልተውኩም። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ እናቴ ያስያዘችኝን ስልቻ ገብስ አጠገቤ አድርጌ ተራ ስጠብቅ፣ ሞተሩ ላይ የተለጠፈች የብረት ጽሑፍ አየሁና ፊደል እየቆጠርኩ ማንበብ ጀመርኩ። የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ የተጻፈ ነገር ካየሁ ዝም ብዬ አላልፍም። ጋሽ ጌጡ መፍቻቸውን ጣል አድርገው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

"እንግሊዝኛ እንዳይመስልሽ" አሉ ወደ ጆሮዬ ጮኸው። "ጀርመንኛ ነው። ሞተሩ ሳይቆም እጅህን አታስገባ ነው የሚለው።"

"እርስዎ የእውነት ያውቁታል?"

"አንቺ ከጠየቅሽኝማ አስተምርሻለሁ።"

አስተማሩኝም። አንድ ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በሩ ላይ በጠመኔ እየጻፉ። ሞተሩ ስለሚጮህ እኛም እየጮህን ነበር የምንማረው። "ጉደን ዳኽ!" ይላሉ። "ጉደን ዳኽ!" እላለሁ። ቡናው "ጋፌ"፣ ወረቀቱ "ባቢየር" ነው። "እኔ" ለማለት "ኢሽ" ይላሉ፤ "ኢሽ" እላለሁ። ወንዶቹ በሳቅ ይሞታሉ። ጋሽ ጌጡ ግን እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ሙሉ የጨረስኩ ቀን መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ዱቄት ገብቶባቸው ነው እል ነበር።

ሌላም ያልገባኝ ነገር ነበር። በየሁለት በየሦስት ወሩ በሩን አስደግፈው ያቆሙኝና ቁመቴን በጠመኔ ያሰምሩበታል። "አደግሽ" ይላሉ። "ጥርስሽ ስንት ወለቀ? ጨለማ ትፈሪያለሽ? ሂሳብ ነው ወይስ ሥዕል የምትወጂው?" እኔማ ሰውየው ትንሽ ነካ ያደርጋቸዋል እንዴ እያልኩ እመልስላቸዋለሁ። በእኔ ቁመት የሌላ ልጅ ቁመት ይገምቱ እንደነበር ያወቅኩት ገና ባለፈው ዓመት ነው። ጋሽ ጌጡ እዚያ አገር ልጅ ነበረቻቸው። ማንዲ ትባላለች። አገር ቤት ግቡ ተብለው ሲመለሱ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ሁለት ጊዜ ጽፈውላት ሁለቱም ደብዳቤ አድራሻው አልተገኘም ተብሎ ተመለሰ። ይህን ለእኛ ከተማ ሰው እንዴት ይንገሩት? እዚያ አገር መኖራቸውን ያላመነ ሰው ልጃቸውን ሊያምን ነው?

አሁን ወደ አባቴ ልሂድ፤ ያለ እሳቸው ጥፋቴ አይገባችሁም። አባቴ መሪጌታ መልከ ጼዴቅ የንባብና የዜማ አስተማሪ ነበሩ። ግቢያችን ሁልጊዜ በተማሪ የተሞላ ነው። እኔንም ሴት ናት ሳይሉ ዳዊት አስደገሙኝ። በእኛ ግቢ አንድ ሕግ አለ፤ አንባቢ ከሳተ የሰማ ሰው ዝም አይልም። ድምፁ ተነሥቶ የሚነበበውን የግእዝ ቃል ድምፁን ጥሎ ካነበበው፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ እዚያው ጮክ ተብሎ ይታረማል። ዝም ያለ ሰው ከሳተው ሰው እኩል ነው ጥፋተኛ። የተሳሳተ ቃል ሰማይ አይደርስም ይሉ ነበር አባቴ። አንድ ጊዜ ጺም ያበቀለ ተማሪ በሰው ፊት አርሜ አባቴ ከጭናቸው ላይ እፍኝ ቆሎ አንሥተው ሰጡኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

ስድስተኛ ክፍል ስገባ አወቀ ከአዲስ አበባ የጀርመንኛ ማስተማሪያ ካሴት ከነመጽሐፉ ይዞ መጣ። ለራሱ ገዝቶት ሰለቸው መሰለኝ፣ "እንኪ፣ እውነተኛውን ስሚ" ብሎ አዋሰኝ። በጎረቤታችን ቴፕ ላይ ከፈትኩት። ጥርት ያለች የሴት ድምፅ "ጉተን ታክ" አለች። ታዲያ ዳኽ የታለ? ደግሜ አዳመጥኩ። "ካፌ" አለች። "ፓፒየር" አለች። "እኔ" ስትልም "ኢሽ" አትልም፤ "ኢኽ" ነው የምትለው። መጽሐፉም በእሷ በኩል ነው። እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። አንድ ዓመት ሙሉ በሰው ፊት እየጮህኩ የተማርኩት ሁሉ ስሕተት ነው! ካርታው እውነቱን ነበር፣ ወንዶቹ እውነታቸውን ነበር። ጋሽ ጌጡ ጀርመን አልነበሩም። ከሆነ ቦታ ለቃቅመው ነው ያታለሉኝ። እልህ ያዘኝና ከዚያ ቀን ጀምሮ ወፍጮ ቤት ታናሽ እህቴን መላክ ጀመርኩ።

እንግዶቹ የመጡት የዚያን ዓመት ሚያዝያ ነው። ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ሊያሠሩ ያሰቡ ባልና ሚስት ጀርመኖች ናቸው ተባለ። ከተማው በሙሉ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። እኛ ተማሪዎች ከፊት መሬት ላይ ተቀመጥን። ድፎው ተቆርሷል፣ ቄሶቹ ጥላ ዘርግተዋል፣ አወቀ ከረባት አስሮ በእንግሊዝኛ ያስተረጉማል። አባቴም ከካህናቱ መሐል ነበሩ።

ጋሽ ጌጡ በዚያች ኮታቸው መጡ። ቅንድባቸው እንኳ ታጥቧል። እጃቸው ላይ የታሸገ ፖስታ ይዘዋል። እኔ የሥራ ማመልከቻ መሰለኝ፤ እነዚህንም ሊያታልሉ ነው አልኩ በልቤ። ለልጃቸው የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። አሥር ዓመት ጠብቀው፣ አገሩን የሚያውቅ፣ በእጁ ወስዶ ልጅቱን አፈላልጎ የሚሰጥላቸው ሰው መሐል ሜዳ ድረስ መጣላቸው።

ከሴትየዋ ፊት ቆመው ኮፍያቸውን አነሡ። "ጉደን ዳኽ" አሉ።

ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻቸውና ከት ብላ ሳቀች። በሁለት እጇ አፏን ይዛ ሳቀች። እሳቸው ደግሞ ፊታቸው ሲበራ ታየኝ፤ ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመሩ። "ኢሽ" አሉ። ደግመው "ኢሽ" አሉ። እሷም ጣልቃ እየገባች አንድ ነገር ትጠይቃለች። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። እየሳቀችባቸው ነው አልኩ። በእኛ ከተማ፣ በቄሶቹ ፊት፣ በእኔ አስተማሪ እየሳቀችባቸው ነው! ዛሬ ያን ሳቅ በደንብ አውቀዋለሁ። ሰው ከቤቱ ርቆ ሄዶ፣ ፈጽሞ ባልጠበቀበት ቦታ፣ የዘመዶቹን አነጋገር ሲሰማ የሚስቀው ሳቅ ነው።

ተነሣሁ።

"ጋሽ ጌጡ፣ ኢሽ አይደለም! ኢኽ ነው!" አልኩ። አባቴ ግቢ ውስጥ ባለው ድምፄ፣ ጮክ አድርጌ። "ዳኽም አይባልም፣ ታክ ነው!"

ዝም አሉ። አንድ ተማሪ ሲታረም ቃሉን አቅንቶ ይደግማል፤ እሳቸውም እስኪደግሙ ጠበቅኩ። ስላልደገሙ እኔ ደገምኩላቸው። "ኢኽ፣ ይበሉ።"

አወቀ ነው መጀመሪያ የሳቀው። "ኧረ ልጅቱ አረመቻቸው!" አለ። ከዚያ አንዱ ከኋላ "አገሩም የለ፣ ቋንቋውም የለ!" ሲል ግቢው ፈነዳ። ከእንግዶቹ ሌላ ያልሳቁት ቄሶቹና ጋሽ ጌጡ ናቸው። እሳቸው ወደ እኔ አዩ። የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ እሱ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ፖስታውን ኮታቸው ውስጥ ከተቱት። "ጎበዝ ልጄ" አሉኝ በአማርኛ፣ እጅ ነሡና በሕዝቡ መሐል አልፈው ወጡ።

ሴትየዋ ግራ ገብቷት ተከትላቸው ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደች። ጠራቻቸው። አልዞሩም። አወቀን በእንግሊዝኛ ብትጠይቀው በጣቱ ጭንቅላቱን ነካ ነካ አድርጎ የሆነ ነገር ነገራት፤ ትንሽ ያማቸዋል ማለቱ ነው። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ ጎንበስ አለችና አንድ ነገር ተናገረችኝ። ጓደኞቼ "ምን አለችሽ?" ብለው ከበቡኝ። "ጎበዝ አለችኝ" አልኳቸው። አላለችኝም። ለምን እንዲህ አደረግሽ ነው ያለችኝ። "ለምን" የምትለዋን ቃል በደንብ ሰምቻታለሁ። ጋሽ ጌጡ ናቸው ያስተማሩኝ። መስማት አልፈለግኩም እንጂ ሰምቻታለሁ። አወቀ ሳቀ፣ ሕዝቡ ሳቀ ብዬ እንዳላላክክ ይህች ቃል ሁልጊዜ ትመጣብኛለች።

ቤት ስንገባ አባቴ ቆሎ ይሰጡኛል ብዬ ነበር። ጋቢያቸውን እንኳ ሳያወልቁ ጠሩኝ።

"ገሊላ፣ ጌጡ ከየት ቤት ነው የተማረው?"

"ከየት ቤት ማለት?"

"ጀርመን ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው? እኛ እንኳ በዚህች አገር የቤተልሔም ዜማ አለን፣ የቆማ አለን፣ የተጉለት አለን። እዚህ ያደገ የተጉለት ሰው ሲያዜም፣ የቤተልሔም ተማሪ ተነሥቶ ተሳሳትክ ቢለው ምን ይባላል?"

መልሴን አልጠበቁም።

"ባለጌ ይባላል። መጀመሪያ ቤቱን ይጠይቃል እንጂ! ነገ ድንጋይ ተሸክመሽ ሄደሽ እግሩ ላይ ትወድቂያለሽ።"

አባቴ ጀርመንኛ አንዲት ቃል አያውቁም። ካሴትም መጽሐፍም አላዩም። ነገሩን ግን አወቁት። እኔ በበኩሌ ለጋሽ ጌጡ አዝነው እንጂ ቋንቋ ምን ያውቃሉ አልኩ። በማግስቱ ድንጋዩን ትከሻዬ ላይ አድርጌ እስከ በራቸው ሄድኩ። ውስጥ እህታቸው እትዬ ደብሪቱ ሲያስሉ ይሰማኛል። የሰፈር ልጆች ቢያዩኝስ ብዬ ድንጋዩን ከአጥሩ ሥር ጣልኩትና ተመለስኩ። "ይቅር ብለውኛል" አልኳቸው አባቴን። እሳቸውም "ተመስገን" አሉ። እስኪሞቱ ድረስ እውነት መስሏቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ወፍጮ ቤት ስሄድ ጋሽ ጌጡ ያናግሩኛል። "እናትሽ ደኅና ናት? ስልቻውን ወዲህ አምጪው" ይሉኛል። በአማርኛ። በሩ ላይ የነበረውን የጠመኔ ጽሑፍ በሙሉ አጥፍተውታል። አፋቸው ለምን እንደተዘጋ ያወቅኩ መስሎኝ ነበር፤ ሌባ እጅ ከፍንጅ ሲያዝ እንዲህ ነው አልኩ።

እኔማ በቋንቋው ገፋሁበት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጀርመንኛ ተማርኩ። ከሁሉም በላይ የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ? ሦስተኛ ዓመት ላይ የጀርመን ክልሎች አነጋገር የሚባል ኮርስ ወሰድኩ። የባየር ሰው እንዲህ ይላል፣ የሽዋብ ሰው እንዲህ ይላል፣ የሣክሰን ሰው "ክ"ን "ግ"፣ "ፕ"ን "ብ" ያደርጋል። ሸምድጄ ተፈትኜ ኤ አገኘሁ። አንዲት ቀን እንኳ ጋሽ ጌጡ ትዝ አላሉኝም! ወረቀት ላይ ያለ ነገር ነበራ። ሰው አፍ ላይ አላየሁትም።

ባለፈው ዓመት ለአስተማሪዎች ሥልጠና ላይፕዚግ የምትባል የሣክሰኖች ከተማ ሄድኩ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ዳቦ ቤት ገባሁ። ከባንኮኒው ኋላ ያለችው ወፍራም ሴትዮ "ጋፌ?" አለችኝ። ቀና ብዬ አየኋት። "ኢሽ" አለች፣ ቀጥላ የሆነ ነገር ተናገረች፤ እኔ የጀርመንኛ አስተማሪዋ ግማሹ አልገባኝም። ከኋላዬ የቆሙት ሽማግሌ "ጉደን ዳኽ" አሉ። የጋሽ ጌጡ ድምፅ ነው። በየሰዉ አፍ የጋሽ ጌጡ ድምፅ ነው። ወጥቼ ባቡር ውስጥ ገባሁ፤ ባቡሩም ውስጥ እሳቸው ናቸው። ካርታ ከፈትኩ። የድሮዋ ካርል ማርክስ ሽታት ከነበርኩበት የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። ዳቦዬን እንደያዝኩ ከጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የመሐል ሜዳ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የማያውቀውን አንድ ቋንቋ በትክክል የሚናገሩትን አንድ ሰው፣ እኔ ነኝ ዝም ያሰኘኋቸው።

እንደተመለስኩ መሐል ሜዳ ሄድኩ። ዘገየሁ። ጋሽ ጌጡ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እትዬ ደብሪቱ አርጅተዋል፤ ዓይናቸውን ጨፈን ጨፈን አድርገው አዩኝ።

"የመሪጌታ ልጅ አይደለሽም?"

"ነኝ፣ እትዬ።"

"ያቺ ጆሮዋ ስል የሆነችው! ጌጡ ስላንቺ ሲያወራ አይጠግብም ነበር እኮ። ይቺ ልጅ ትልቅ ቦታ ትደርሳለች ይል ነበር።"

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ለምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ስነግራቸው ገባቸው። "እንዲያ ነው?" አሉ። "እኔማ ፈረንጆቹ ናቸው እምቢ ያሉት ብዬ ስረግማቸው ኖርኩ።" ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። ተነሥተው ከሣጥናቸው ሥር ፖስታውን አወጡልኝ። ማንም አልከፈተውም። የማንዲን ታሪክ ያን ቀን ከእሳቸው አፍ ሰማሁ።

የእናቷን ስምና የአባቷን ስም ይዤ ኢንተርኔት ላይ ስፈልጋት አንድ ሳምንት እንኳ አልፈጀብኝም። ሃያ አምስት ዓመት የተቀመጠ ነገር አንድ ሳምንት እንኳ አልፈጀም! ጻፍኩላት። በሦስተኛው ቀን ደወለች። ስታወራ የአባቷ አነጋገር ነው፤ ያለችኝን አንድ በአንድ ሰማሁ።

"ለምን አልፈለገኝም?" አለች። "ለምን አንድ ቀን እንኳ አልጻፈልኝም?"

ጽፈውልሽ ተመለሰባቸው፣ የከተማሽ ስም ተቀይሮ ነው አልኳት። እውነት ነው። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ጀምሬ አቆምኩ፣ እንደገና ጀመርኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ፖስታውን፣ እንግዶቹን፣ የተነሣሁትን፣ የጮህኩትን።

"ስንት ዓመትሽ ነበር?" አለችኝ።

"አሥራ ሁለት።"

"እኔም አሥራ ሁለት ነበርኩ። በዚያው ዓመት ነው እናቴ፣ አባትሽ ሞቷል፣ ከእንግዲህ አትጠብቂው ያለችኝ።"

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"መቃብሩ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። ስትመጪ እኔ ራሴ እወስድሻለሁ።"

"አይ፣ አንቺ አትምጪ" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "መንገዱን ብቻ ንገሪኝ።"

ነገርኳት። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ እስከ መሐል ሜዳ፣ ከመናኸሪያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደውን መንገድ፣ ከበሩ በስተግራ ያለውን ቦታ። እያስደገመች ጻፈችው። ጽፋ ስትጨርስ ፖስታውን የምልክበትን አድራሻ ነገረችኝና ስልኩን ዘጋችው።